ቀሪ

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ሃይገሩ አራግፎን ሲሄድ፣
ኮዬ ፈጬ ድረስ የቀረው በእግር ነው፣ በዋልካው መንገድ።
ጫማዬ ከነጭቃው ሁለት ኪሎ ይመዝናል፤
ዘበኛው ጋሽ ኡርጌሳ መፋቂያ እንጨት እያቀበለ
«ቲቸር፣ አፈሩ ወዶሻል» ይለኛል።

የሰው ኃይል ክፍሉ ልጅ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ፤
«መልቀቂያ አምጪ» አለኝ፣ «ካስተማርሽበት፣ ማኅተሙ ክብ፣ ፊርማው በልክ።»
ከየት እንደመጣሁ ነገርኩት።
የከተማዋን ስም ያውቀዋል፤ አንድ ሰሞን በዜና ሰምቶታል።
እስክሪብቶውን ከደነ፣ ከፈተ፣ ከደነ።
«ቢሆንም» አለ።
ቢሆንም።
ማኅተሙ ከነመሳቢያው፣ መሳቢያው ከነቢሮው ነደደ፤
ርዕሰ መምህራችን በአንድ እግር ነጠላ ጫማ ወዴት እንደሄደ
የሚያውቅ የለም።
እና ማን ይልቀቀኝ? ልለው ነበር፤
አገጩ ላይ ያለው ገና ሦስት ፀጉር፣
ተውኩት።
«በጊዜያዊነት» ብሎ ጻፈልኝ፤
በጊዜያዊነት ሁለተኛ ክረምቴን ያዝኩኝ።

ዘጠነኛ «ሠ»። ሰባ ስምንት ልጅ፣ ለአንድ ዴስክ አራት።
በመጀመሪያው ጠዋት
ከቦርሳዬ መዝገብ ስቤ ስም መጥራት ጀመርኩ፦
ሐያት እንድሬ። ዝም።
መኳንንት አረጋ። ዝም።
ሙሄ ይመር። ሙሄ፣
ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሞ «አቤት» የሚል፣
ከገበያ ሮጦ፣ ላቡን እየጠረገ።
ዝም።
ከኋላ አንዱ፦ «ቲቸር፣ እነዚህ ሁሉ ቀሪ ናቸው?»
ያኔ ሽፋኑን አየሁት። ሰማያዊ።
ማርክ ልሞላበት ቤቴ ወስጄው አብሮኝ የተሰደደ።
አዎ አልኩት። ቀሪ ናቸው።

የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ማካፈልን አውቃለሁ።
ተካፋይ፣ አካፋይ፣ ድርሻ፤ ቦርዱ ላይ አስምሬ እጽፋለሁ።
እዚያም ሲካፈሉ አይቻለሁ፣ በመስኮት ሽንቁር፣
ይህም ወገን «ድርሻዬ»፣ ያም ወገን «ድርሻዬ» ሲል ሲያድር።
ድርሻው ከላይ በጉልህ ተጻፈ፤
ከታች በትንሽ ቁጥር የሚሰፍረውን፣ የተረፈውን፣
ማንም አልጻፈ።
ተማሪዎቼም የሚረሱት እሱን ነው፤
ሁለት ሁለት ነጥብ እቀንሳለሁ፤ ያኮርፉኛል፤ አልመልስም።

ሲፈን የምትባል አለች፣ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ፣
መስታወቱ ወልቆ ዝናብ ደብተሯን የሚያበሰብስባት፤
የመጣችው በሌላ አቅጣጫ ነው፣ ከእኔ ጎዳና የማይገናኝ፤
የሸሸችው ግን ያንኑ ድምፅ።
ስሟን ስጠራ እጇን እንጂ ቃሏን አታወጣም።
አንድ ቀን ደወል ሆነ (ያው የአይሱዙ ቸርኬ በብረት ሲመታ)፣
አጠገቤ ቆመች፣ የሹራቧን ክር እየጎተተች።
«ቲቸር፣ እዚያ መዝገብ ላይ የእኔም ስም አለ።
እስካሁን እየተጠራሁ፣
እስካሁን ቀሪ እየተባልኩ ይሆን?»

ምንም አልመለስኩላት።
ማታ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውኃ እስኪመጣ ባልዲ ይዤ ሳመሽ፣
አሰብኩት፦ ሙሄንም እንዲሁ አንድ የማላውቃት ሴት፣
የማላውቀው ክፍል ውስጥ፣ እጇ ጠመኔ የለበሰ፣
ስሙን ከዝርዝሩ ግርጌ በእርሳስ ጨምራ
ጠርታው ይሆናል፤
እሱም በሩ ላይ ቆሞ፣ ላቡን እየጠረገ።

በማግስቱ ስም ስጠራ፣
«ሲፈን ዲንቃ» ስል፣
«ቀሪ!» አለች ጮክ ብላ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ዴስክ ተደግፌ ሳቅኩ፤
ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ለሁለት ተሰበረ።
አንዱን ስባሪ ሰጠኋትና ወደ ቦርዱ ላክኋት፦
ሰባ ስምንት ለአራት ሲካፈል።
አሥራ ዘጠኝ ብላ ጻፈች።
ዞር ብላ አየችኝ።
ከዚያም ከታች፣ በትንሽ ቁጥር፣
ሁለት።