ሁለት ምላጭ

አቻኦ ላይ ባሕር ሲሸሽ፣ ጀልባ አሸዋ ላይ ይቀራል፤
እንደ ጠገበ በሬ በጎኑ ዘንበል ይላል።
ስድስት ሰዓት ነው ያለን፤
ከዚያ ውሃው ይመለሳል፣ ጨረሳችሁ ወይ ሳይለን።

የእኛዋ ስሟ «እልኸኛዋ» ነው፣ አባቴ የሰየማት፣
አያቴ ከጥድ ጣውላ የገጠማት።
ሞተሯ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤
በአራት ሲሊንደር ቤንዚን ትጠጣለች፤
ሁለት ዓመት ሆናት፣ ታስላለች።

ከሚኒሞ ከፍ ሳደርጋት ይጀምራታል ሳልዋ፤
በካርቡራተሩ ጉሮሮ፣ ሰማያዊ እሳት ነው አክታዋ።

ዝናብ ሲዘንብ፣ ሥራ ሲፈታ፣ መንደሩ ሁሉ መካኒክ ነው።
«ጂግለሩ ነው፣» አለ ሲፕሪያኖ፣ «ጉድፍ ገብቶበት ይሆናል፤»
ነቀልኩት፣ ነፋሁት፤ በቀዳዳው ሰማይ ይታየኛል።
«ተንሳፋፊው ነው፣» አለች ኤድሊያ፣ የወዲያ ማዶ ጎረቤት፤
ጆሮዬ ሥር ነቀነቅሁት፤ ጠብታም የለበት።
«ቤንዚኑ ውሃ አለው፣» አሉ ቄሱ፣ እንደ ኑዛዜ በሹክሹክታ፤
በጠርሙስ አሳደርኩት፤ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለው ለይቅርታ።

ስድስት ጊዜ ፈታሁት፣ ያንን ምስኪን ካርቡራተር፤
የብሎኖቹ ጥርስ አለቀ በካቻቢቴዬ ጥፍር።
ጓርኒሲዮኑን ከሲጋራ ካርቶን ቆረጥኩ፤
ሰደብኩት፤ አንድ ቀን እንኳ ወደ ባሕር ወረወርኩ፣
ኋላ ውሃው ሲሸሽ፣ ጭቃ ለጭቃ ሄጄ ለቀምኩ።

አባቴ ባውዲሊዮ ከጎን ተቀምጦ ያያል።
ጆሮውን ሞተር ከበላበት ሰባት ክረምት ሆኖታል።
ሳሏን አይሰማም፤ የመንደሩን ምክር አይሰማም፤
በሱፍ ቆቡ ሥር፣ ያያል።
ዛሬ ግን ተነሣ።

ካንዴላዎቹን ፈታ፣ አራቱንም በተራ፤
አውራ ጣቱን ወተፈ በመጀመሪያው ሥፍራ።
«አዙሪ፣» አለኝ በእጁ። መዘወሪያውን አዞርኩ።
አንደኛው ጣቱን ገፋው፣ እንደ ጥጃ አፍንጫ፤
ሁለተኛውም ገፋ፤ የአራተኛው ደግሞ ርግጫ።
ሦስተኛው ላይ ቆየ። ደግሜ አዞርኩ። ቆየ።
ግንባሩ ላይ አንድ መስመር ታየ።
የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያህል እንኳ ጣቱን አልነካውም፤
«ይህ አይተነፍስም!» አለ፣ እንደሚጮኽ ሳያውቅም።

ለካ አህያውን ትቼ ዳውላውን ነው የደበደብኩ፤
የሚያስለውን አፍ ከሰስኩ፣ ሳንባውን አልመረመርኩ።

ቴስታታውን አነሣን። ሦስተኛው ሲሊንደር ጋ
የመግቢያው ቫልቭ አልዘጋ፤
ጠርዙ ላይ የተበላ፣ ጥቁር ጠባሳ።
ቤንዚን በገባበት በር ነበልባል ሊወጣ ሲነሣ፣
ያ ነበር ሳሉ።
ከሥር የሚገፋው ዘንግ ተጣብቆበታል፤ ብረት በብረት ተደግፎ፣
ሲሞቅ እያበጠ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ እሳት አሳልፎ።

ስሜሪሊዮ ቀባው። በመዳፎቹ መሃል አሽከረከረው፣
ግራጫ ቀለበት ሙሉ እስኪዞረው።
ውሃው ከሩቅ ይንሾካሾካል፤ የምሰማው እኔ ብቻ።
ከኪሱ ሁለት ምላጭ አወጣ፣ አንዱን ባንዱ ደረበ፤
በዘንጉና በቫልቩ እግር መካከል ሰደደ፣ ሳበ፤
በጭንቅ ማለፍ ሲጀምሩ፣ ብሎኑን አጠበቀ።
«ይህን ያህል፣» አለኝ፣ «ከዚህ በላይ አታቀራርቢያቸው።
ብረትም ሲሞቀው ቦታ ይሻል።»
ከፖርቶ ሞንት ተመልሼ፣ ከእሱ ጋር ባንድ ጣራ
ስንጋጭ መክረማችን ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ። ወደ ሥራ።

ማዕበሉ የጀልባዋን ሆድ መላስ ሲጀምር፣ አዞርኩ።
አንዴ። ሁለቴ። ተነሣች።
አባቴ መዳፉን ጣውላው ላይ አሳርፎ፣ «ትስላለች?» አለ፤
ራሴን ነቀነቅሁ፤ አላመነኝም፤ እጁ እዚያው ዋለ።

ሁለት ዓመት የሰደብኩትን ካርቡራተር በጨርቅ ጠረግሁት።
አሁንም ትንሽ ያንጠባጥባል።
እሱን ግን፣ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ነገ።