ይታይሽ

ሐምሌ፣ ደብረ ማርቆስ። ቆርቆሮው ይንኳኳል፤
አጉሊ መነጽሩ ስር ጠብታ ይተኛል።
አርባ ቀን ጠበቀች፣ ዘጠና ስድስት ጉድጓድ፤
ደመና፣ ደመና፣ አንዳንዱም እንደ አመድ።
ዛሬ ግን አንዱ ጥግ ሁለት ነገር በራ፣
ባለ ጠርዝ፣ ባለ ጎን፤ የማን እጅ አጠራ?

«ጨው ይሆን?»

ጨውማ መርፌ ሲነካው ቀጭ ብሎ ይጮሃል፤
ፕሮቲኑ ከሆነ ግን ድምፅ የለው፣ ይፈርሳል።
ለማወቅ መስበር ነው።

ትንሹን ነካችው። እንደ እርጎ ፈረሰ።
አሁን ነው ጭንቁ የባሰ።
አንድ ቀረ፤ በናይለን ቀለበት ይወጣል ወይ ይደርቃል፣
ጓያ ላይ መርዝ የሚጠምቀው፣
አጎቷን አንማውን ምርኩዝ ያስያዘው።

መብራት ብልጭ አለ። አልጠፋም።
ትንፋሿን ያዘች።
«ይታይሽ» ብሎ ስም ያወጣላት አንማው።