አይዞሽ የምትባል ሴት

ሙሐረቅ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
አንድ ሶፋ አለ፤ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ የሚፈስበት እንባ።
ሐኪሙ ከራስጌ ነው፤ ፊቱን አያሳይም፤
ይሰማል እንጂ አይናገርም።

እኔ የትራሱን ጨርቅ እለውጣለሁ፣ ወለሉን በዴቶል አጥባለሁ፤
የተባለውን ግን አልጠርገውም፤ ግድግዳው ላይ ሲቀር አያለሁ።

ዶክተር ነዚህ የባግዳድ ሰው ነው፤ ሲሰለቸው ለእኔ ያወጋል፦
«ይህ ሙያ ቪየና ተወለደ፤ የሶፋው ምንጣፍ ግን ከዚህ ባሕር ማዶ ሄዷል።
ኋላ ጦርነት መጣ፤ ሶፋው ተሰደደ፣
ለንደን፣ ቦነስ አይረስ፣ ቤሩት፤ እንግዳ መሆን ለመደ።»

እንደ እኔ፣ በቪዛ፣ እላለሁ በልቤ።
እኛ አገር ይህ ሁሉ ሙያ በአንድ ግስ ያልቃል፦
ህልም ይፈታል፤ ቋጠሮ ይፈታል፤
ባል ይፈታል፤ እስረኛ ይፈታል።
ሦስቱን ቀምሻለሁ፤
ለአራተኛው ፓስፖርቴ ከሰው መሳቢያ ውስጥ ይጠብቃል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሙነይራ ትመጣለች፤ ሰባ ያለፋት ሴት፤
ወንድ አያቷ ዕንቁ ጠላቂ፤ ሴት አያቷን ግን ገዝተው ያመጧት።
«ከወዴት?»
«ከባሕሩ ወዲያ።»
ህልሟ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ገመድ ይዛ ትጠልቃለች፣
ውኃው ይጨልማል፣ ከላይ አንዲት ድምፅ «አይዞሽ» ትላለች፤
ሽቅብ ስታይ ማንም የለም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዶክተሩ «አይዞሽ ማን ናት?» አለ፤
የሞተች እህት? ጣውንት? ጎረቤት? ያልፈለጋት የት አለ!
ስሟን በዓረብኛ ጽፎ ሁለቴ አሰመረበት፤
እኔ ከበር ውጪ፣ መወልወያዬን እንደያዝኩ፣ ደረቅሁ ባለሁበት።
ጽዳት ሠራተኛ ጆሮ የላትም፤
ውሉ ላይ ፈርሜበታለሁ።

ዘንድሮ የዶክተሩ ዓይን ደከመ፤ ሶፋው ሊሸጥ ነው፤
በቦታው የማያዛጋ ስክሪን ተሰቀለ፤ መቶ ቋንቋ ሰሚ ነው አሉ፣ ሥራው ይኸው ነው።
ማታ፣ ብቻችንን ስንሆን፣ «አይዞሽ» አልኩት።
ትንሽ አሰበና፣
«ስለ እሷ ልትነግሪኝ ትፈልጊያለሽ?» አለ።
ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

የመጨረሻዋ ማክሰኞ ሊፍቱ ቆመ፤
ሙነይራን ክንዷን ይዤ ደረጃውን ላወርዳት፣
ሁለተኛው ፎቅ ላይ መብራቱ ጠፋ፤ እግሯ ከዳት፤
ሳላስበው ከአፌ አመለጠ።

ቀጥ አለች።
ገመድ እንደያዘ ሰው እጄን ጨበጠች፤
ሽቅብ ሳታይ
ወረደች።