ነይ

የጅማ ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው አያርፍም፣
የታጠበ አይደርቅም፣
አባባም በየሰዓቱ ካልገለበጥነው አይተኛም።

አምስት አንሶላ አለን፤ ሦስቱ ገመድ ላይ፣
አንዱ ከአባባ ሥር፣ አንዱን ከከሰሉ በላይ
ዘነበች በሁለት እጇ ወጥራ
እንደ ድንኳን ሸራ
ቆማ እያንቀላፋች ታደርቃለች፤
«ዳሩ እንዳይለበለብ» ስላት፣ «ነቅቻለሁ» ትላለች።

አባ ዲኮን ሕርማታ የሚያውቀው በመጥረቢያው ነበር፣
ከአንድ ግንድ ባለሦስት እግር
በርጩማ ፈልቅቆ ሲያወጣ፣ ያለ ሚስማር፣ ያለ ማጣበቂያ።
አሁን ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ መስሏል፤
ምላሱ ከታሰረ ሁለት ዓመት ሞልቷል።
ከቃል ሁሉ አንዲት «ነይ» ተርፋዋለች፤
ለውሃ፣ ለሽንት፣ ለዝንብ፣ ለቁጣም ታገለግላለች።
ማንን እንደጠራ ስለማትለይ
ሁለታችንም እንነሣለን ሌሊት፣ በአንዷ «ነይ»።

ነስሩ ከአዳማ ይደውላል፤ ጁምዓ ማታ፣ ከሥራ ሲወጣ።
«አባባ በላ? ጀርባው ዳነ? መድኃኒቱ ለወሩ በቃ?»
ገንዘብም ይልካል፤ ሐቅ ነው፣ አንድ ወር አልዘለለም፤
«አንቺስ፣ ረውዳ?» ብሎ ግን አያውቅም።
እኔም፣ ሐቁን ካወጣሁት አይቀር፣
ዘነበችን ጠይቄያት አላውቅም።

ከዳውሮ መጥታ፣ ደጃፍ ላይ ደመወዝ ስንዋዋል
ያነሣችው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሰውየው ስንት ኪሎ ይሆናል?»
ሣቄን ነበር ያመጣብኝ፤
ሚዛኑ ወገቧ እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ማክሰኞ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጃንጥላዋን አራግፋ ገባች፤
የአባባን ክንድ ጠቀለለች፣ ነፋች፣ አስተነፈሰች፣
«መቶ ሃያ በሰማንያ! የጎረምሳ ደም» አለች።
ካርዱን ሞልታ ልትነሣ ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ቀረ፤
ያቀበልኳት ሻይ፣ ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር ይጨቃጨቅ ነበረ።
«እስቲ ክንድሽን።»
«እኔ እኮ ደኅና ነኝ።»
መቶ ሰባ በመቶ አምስት።
ደግማ ለካች፤ ያው።
«በሽተኛው ማነው እዚህ ቤት?»

ዘነበች ባልዲ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።
«አንቺም ነይ» ስትላት
ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች።
እጅጌዋን ስትሰበስብ አየሁት፦
ክንዷ ላይ አምስት ጣት፣
ጥቁር ሰማያዊ፤
አባባ ስታነሣው የሚጨብጥባት፣
ግራ እጁ ዛሬም የጠራቢ ጉልበት አላት።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።
«ከመስቀል ወዲህ» አለች፣ ቀለል አድርጋ፣
ስለ ጎመን ዋጋ እንደተጠየቀች።
ግፊቷ ሰማንያ በሃምሳ።
«በልተሻል?»
«አባባን ላብላና ብዬ...»

ለእኔ ክኒን ጻፈችልኝ፤ ለእሷ፦ እረፍት።
ዘነበች ወረቀቱን ገልብጣ አየችው፣ ሳቋ መጣባት፤
«ፈረንጅ አራዳ ያለው ፋርማሲ
ይኖረው ይሆን?» ብላ።

ያን ማታ ለነስሩ ደወልኩ፤ ጁምዓ አልነበረም።
«አባባ ምን ሆነ?» ድምፁ ተሰበረ።
«አባባ ደኅና ነው። እኔ ነኝ።»
ዝም አለ፤ በስልኩ የጅማን ዝናብ የሚሰማ መሰለኝ።
ከዚያ፣ ቆይቶ፣ «በቀን ስንቴ ነው የምትገለብጡት?» አለ፤
ነገርኩት።
ለብቻው ሲያባዛው ሰማሁት።

እሑድ ዘነበችን ፈታኋት፣ እስከ ማታ።
ጸሎት ቤት ትሄዳለች ብዬ፣
ወይ አዌቱን ተሻግራ ዘመድ ጋ፤
የትም አልሄደች።
አባባ መጨረሻ የጠረባትን በርጩማ
በረንዳ ላይ አውጥታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ
አፏን ከፍታ ተኛች።
ዝናቡ ጫማዋን ያረጥባል፤ ልሰበስባት ፈራሁ፣ እንዳትነቃ።

«ነይ!» አለ አባባ ከውስጥ።
ዓይኗ ሳይገለጥ እግሯ ተነሣ።
ትከሻዋን ያዝ አድርጌ
«እኔን ነው» አልኳት።