የእሑድ ፈረቃ

ስድስቱን ቀን ሙሉ፣ ከፒያሳ አዘዞ፣
ከአዘዞ ፒያሳ፣ ያንኑ ሰው ይዞ
ይመላለሳል ሚኒባሴ፤ በበሩ ተንጠልጥሎ
"አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይላል ረዳቴ ታክሎ፣
አራት ወንበር ባዶ እያየ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፤
ጡሩንባው ከኋላ፣ ባጃጁ ግራ ቀኜን እንደ ዝንብ ከቦ።
ማታ ጋደም ስል፣ ጆሮዬ አልበርድም እያለ፣
ትራሴን ባገላብጠው፣ ትራሱ "አዘዞ!" አለ።

እሑድ እሑድ ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቅዬ
ብስክሌት ፍለጋ ወደ ደርበው ጋራዥ፣ "ጋራዥ" ማለቱን ችዬ፤
ቆርቆሮ ናት እንጂ፣ ካላማዳሪያ እንደ ቋንጣ የተሰጣባት፣
ፖምፓና ማስቲሽ ጎን ለጎን ያረጁባት።
ራጂውን በጣቱ ይመታል፤ የላላውን በድምፁ ያውቀዋል፤
"ዛሬም በኮረኮንቹ? አስፋልቱ ምን በደለህ?" ይለኛል።
"አልበደለኝም" አልሁት፣
"አሠሪዬ ነው፤ በሰንበት ልየው እንዴ፣ ስድስት ቀን ያየሁት?"

ከአዘዞ ወዲያ፣ መኪናውን ለመንገዱ፣ መንገዱን ለመኪናው ትቼ፣
ወደ ደምቢያ በሚወርደው አሮጌ ጥርጊያ ገባሁ፣ ፍሬኔን ፈትቼ።
ጎማው ጠጠሩን ይቆረጥማል እንደ ቆሎ፤
ጠጠሩም ጎማውን ይነክሳል፣ ብድሩን ሊመልስ ቶሎ።
ከዚያ ካቴናው ሲያወራ በሹክሹክታ፣
ከዚያ የትንፋሼ ስልቻ ሲነፋ፣ ሲፈታ፣
ከዚያ፣ ከማሳው ወዲያ፣ አንዲት ቆቅ፣
ከዚያ ምንም።

ምንም!
ሃያ ሁለት ዓመት ስነዳ
ሙሽራ ጭኛለሁ፣ ሬሳ ጭኛለሁ፣ ዕዳ የሸሸ እንግዳ፤
ምንምን ግን አንድ ቀን አሳፍሬው አላውቅም።
ሒሳብ አይል፣ መልስ አይል፤ ከኋላዬ ተቀምጦ አብሮኝ ዝም።
ዞር ብዬ ባይ፣ ከተማው ተራራው ላይ እንደ ተረሳ ኮፍያ ተቀምጧል፤
ጩኸቱ እስከዚህ አይደርስም፤ አቀበቱ ሥር ደክሞት ተኝቷል።

ቁልቁለቱ አልቆ፣ ዋልካው ሲጀምር፣ በሽምብራው ዳር
አንዲት ሴት እጇን ዘረጋች፤ ማዳበሪያ ሙሉ ዱቄት ከእግሯ ሥር።
እጄ ሳያማክረኝ ፍሬን ያዘ። ልማድ!
"ጠጋ በሉ" ልል አፌን ከፈትሁ፤ ማንን ላስጠጋ ነው፣ ኮርቻው አንድ!

"መኪና መሰልኸኝ" አለች ወይዘሮ ፈንቴ፣ እየሳቀች፣
"አቧራህ ግን አነሰኝ" ብላ መቀነቷን አጠበቀች።
ዱቄቱን ከኮርቻው አጋድሜ፣ በአሮጌ ካላማዳሪያ ጠፍሬ፣
ጎን ለጎን በእግር ሄድን፤ ሾፌርነቴ ቀረ ለዛሬ።

ልጇ ወልዳ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ለገንፎው ነው የምትወርደው።
እኔ ሞኙ፣ ጨዋታ ልጀምር ብዬ፣
"እንዴት ደስ ይላል ጸጥታው!" አልሁ።
ቆም አለች።
"ጸጥታው?
ልጄን ምጥ የያዛት ለታ፣ ከዚሁ ዳር ቃሬዛውን አውርደን፣
መኪና ይመጣ እንደሆን፣ አራት ሰዓት ሙሉ ጆሯችንን ሰደን...
ጠገብነው ልጄ፤ ጸጥታውን ያን ሌሊት ጠገብነው።"

ከዚያ በኋላ ጠጠሩ ሌላ ድምፅ ነበረው።

ከመንገዱ ዳር ቀይ ጨርቅ ያሰረ ችካል ወድቆ አየን።
"የአስፋልቱ ነው፤ ተክለው ከሄዱ ሁለት ክረምት አለፈን"
አለችና ጎንበስ ብላ አቆመችው፤ አፈሩን በተረከዟ ረገጠች።
ችካሉ ግን እንደ ሰከረ ሰው ዘመመ፤ ቀና ብላ እኔን አየች።
ጠጠር ለቀምሁ፣ ከዚያው ከምወደው መንገድ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከሥሩ ሸጎጥሁ፤ ቀጥ አለ እንደ ግንድ።

"ሒሳብ ስንት ነው?" አለች ከአራሷ ደጃፍ፣ ለጨዋታ፤
እፍኝ ሽምብራ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ጨመረች፣ "መልሱን ያዘው" ብላ በፈገግታ።

ሰኞ ጧት፣ ፒያሳ። "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ታክሎ።
እጄን ኪሴ ብከት አንድ ፍሬ ቀርቷል፣ አንድ ጠጠርም ተቀላቅሎ።
ሳላይ አንዱን አፌ ውስጥ ጣልሁ፤
የትኛው እንደነበረ ጥርሴ ያውቃል፤ እኔ ማርሽ አስገባሁ።