ፉጨት

"አታፏጭ!" ይለኛል፣ ገና በሩን ሳልፍ፣
ጉልበቱ ላይ ጥሎ የሸራውን ጫፍ፤
መርፌ በጥርሱ ነክሶ፣ ክር በጆሮው ሰክቶ፣
አበጋዝ ይመር ነው፣ ከአሰብ ወደብ መጥቶ
ፒያሳ ካለችው የቆርቆሮ አዳራሽ
ገመድ ሳቢ የሆነ፣ መጋረጃ መላሽ።

እኔ የሆጤ ልጅ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣
ሥራዬ መጥረጊያ፣ ደመወዜ ራቴ፣
"ፉጨት ምን አጠፋ?" ብዬ ብጠይቀው
ሽፋኑ የወለቀ መጽሐፉን ገለጠው።
ፊደሉን አያውቅም። ሥዕሉን ግን ያነባል፤
ጣቱ በመስመሩ እንደ ጉንዳን ይሄዳል።

"ይኸውልህ" አለኝ፣ "ከመቶ ዓመት በፊት፣
በፈረንጆች አገር፣ በቴአትር ቤት፣
ከጣሪያው ሥር ሆኖ ገመድ የሚስበው
መርከብ የለቀቀ፣ እንደኔ ያለ ሰው።
ቋንቋቸው ፉጨት ነው።
አንዴ ሲያፏጩለት ተራራ ይወጣል፤
ሁለቴ ሲያፏጩ ቤተ መንግሥት ይወርዳል።
ታዲያ አንተን የመሰለ፣ አፉን የማይቆጥብ፣
መድረክ መሀል ቆሞ ቢያፏጭ ሳያስብ፣
ከላይ ያለው ሰምቶ ገመዱን ለቀቀ፤
ሰማይ ከነጨረቃው አናቱ ላይ ወደቀ።"

"እውነት ነው?" አልኩት።
"እኔ እንጃ። አሰብ ላይ የነገረኝ
አንድ ግሪክ ነው፤ መጽሐፉን የሸጠልኝ።"

ነጎድጓዳችን ቆርቆሮ፣ ዝናባችን ሽምብራ
በወንፊት ሲንከባለል ሐምሌን የሚጠራ፤
ነፋሳችን በርሜል፣ ማዳበሪያ ለብሶ፣
እጀታው ሲዘወር የሚጮህ አልቅሶ።
ባሕሩ ግን፣ ባሕሩ፣
ከኮምቦልቻ ፋብሪካ በዱቤ የመጣ
ሠላሳ ሜትር አቡጀዲ፣ ሰማያዊ የተቀባ።
አራት ልጆች ጫፉን ይዘን ስናርገበግበው
"ቀስ!" ይላል፣ "ባሕር አይቸኩልም፣ ተንፍሱለት በቃ፤
የታጠበ አንሶላ አደረጋችሁት እኮ!"
ከአዳራሹ ሙሉ ሰው ባሕር ያየ እሱ ብቻ፤
የሌላው ትልቅ ውኃ ቦርከና ነው፣ ክረምት ሲገባ።

አንድ ሐሙስ ማታ፣ ሦስተኛው ገቢር ላይ፣
ዙሪያሽ ባሏን ፍለጋ ስትጮህ ማዕበል ላይ፣
መብራት ሄደ። ድርግም።
"ገንዘባችንን!" አለ አንድ ሹፌር ከኋላ።
ፉጨት። ሳቅ። ወንበር ሲወድቅ።
አበጋዝን ፈለግሁት። የለም።

ሙሄ በያጁን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ፣
ሁለት ሲሊንደር በጋሪ፣ በጓሮ ተመልሶ፣
ውኃ ካልነካው ኖራ አንድ ጭብጥ ጉማጅ
በጉጠት ይዞ መጣ። "ወዲያ በል አንተ ልጅ!"
መጽሐፉ ላይ ገጹን ያጠፈበት ሥዕል፦
እሳት፣ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ የሚወጣ ፀዳል።

ድንጋዩ ቀላ። ከዚያ ገረጣ። ከዚያ፣ እንዴት ልበላችሁ፣
ጨረቃ አይደለም፣ ፀሐይም አይደለም፤
እንደዚያ ያለ ነጭ ደሴ አይታ አታውቅም።
ዙሪያሽን ብቻ መርጦ፣ ሌላውን ለጨለማ ትቶ፣
የሽፋሽፍቷ ጥላ ጉንጯ ላይ ተዘርግቶ፣
እንባዋ (ግሊሰሪን ነው፣ እኔ ነኝ የቀባኋት)
እውነት ሆኖ ወረደ።
ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀላት።

አራት ደቂቃ ቢሆን። ኖራው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፤
አበጋዝ የተላጠ መዳፉን ብብቱ ደብቆ ሳቀ።

አዳራሹ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ነው።
መጽሐፉን አይጥ በላው። ዙሪያሽ የት እንዳለች እንጃ።
አበጋዝን በነሐሴ፣ ጦሳ ሥር ቀበርነው።

ሰው ሁሉ ሲመለስ ጥቂት ቆየሁ ቆሜ።
ከታች፣ በሐረጎ መንገድ፣ መኪና ሽቅብ እያቃሰተ፣
ረዳቱ አፏጨ። አንዴ። ከዚያ ሁለቴ።
አናቴን በእጄ ጋርጄ ቀና አልኩ፣ እንደ ልጅነቴ፤
ጉሙ ከጦሳ ጫፍ፣ ገመዱን ለቀቀ፣
ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ደሴ ላይ ወደቀ።