ጋዮ

ቃሉን የሰጠችኝ ኤውፍሮሲና ናት፣ ከጃኬት ጋር ጠቅልላ፣
ቺካጎ፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር፣ የሆቴል አንሶላ
በምናጥብበት ቤት፣ ጥር ላይ፣ በሌሊት ፈረቃ።
"ጋዮ ነው፣ ልበሰው" አለችኝ፣ መንቀጥቀጤን አውቃ።

ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ፤
"አውራ ዶሮ" ይላል። ገበሩን ዳሰስኩ፣
ኪሱን በረበርኩ፣
ላባ ፈለግኩ።

ለካ በሷ አገር፣ ከገላ ወደ ገላ የተሻገረ ልብስ ጋዮ ነው፤
ለምን? ብላት፣ "እኔ ምን አውቄ፣ ዶሮውን ጠይቀው።"

ባሏም ጋዮ ነበር፤ ማለቴ፣ ቡጢ ሲገጥም ሚዛኑ፤
ሃምሳ ሦስት ኪሎ፣ ከነኩራቱ፣ በደህናው ቀኑ።
ሊያጫት ሲል በውድቅት፣ ከመስኮቷ ሥር ጊታር ያስመታበት፣
ያም ጋዮ ይባላል፤ አባቷ ባልዲ ውሃ የደፋበት።

አንድ ቃል፣ ስንት ጎጆ! እኔ የማውቀው አውራ ዶሮ
ሲጮህ ሰዓት ነው፣ ሲታረድ አሥራ ሁለት ብልት፤ በቃ፣ ይኸው ነው የሱ ኑሮ።

መጋቢት ላይ ሰዎች መጡ፣ ፎቶ ይዘው።
"ይህችን ሴት ታውቃታለህ?"
"አላውቃትም።"
"እዚህ አትሠራም?"
"አይቻት አላውቅም።"
አንደኛው ደረቴ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈውን ስም አነበበ፦
ሬፉሂዮ።
"ይሄስ የማን ነው?"
"እንጃ። ሰልባጅ ነው፣ ከገበያ የገዛሁት።"

ሦስቴ ካድኳት። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ።
የጮኸ የለም። ማድረቂያው ብቻ ዞረ፣ ዞረ፤
እሷ ጋሪው ውስጥ፣ ከሰማንያ የትራስ ልብስ ሥር፣
ትንፋሿ ተይዞ ነበረ።

በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ፣ እኩለ ሌሊት፣
ቅዳሴውንም የጋዮ ነው የሚሉት፣
ልጇ አንሴልሞ ብቻውን ሊዘምር ቆመ።
አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ጀማምሮታል።
ወደ ላይኛው ዜማ ወጣ፣ ወጣ፣
እዚያ ጫፍ ላይ ድምፁ ለሁለት ተሰነጠቀ።
"ጋዮ!" አለ ከኋላችን አንድ ሽማግሌ፣ ሳቁን አፍኖ።
እሷ በነጠላ ጓንቷ አፏን ከደነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤
ሳቅ ይሁን ሌላ፣ አላየሁም።

እኔ ግን ቀዝቅዤ ቀረሁ።
ዘጠኝ ወር ሙሉ የዘገየ ጩኸት
አሁን ደረሰ።
ያኛው ሰውዬ፣ ዶሮው ሲጮህበት፣
ወደ ውጭ ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ፤
እኔ አልወጣሁም። ከጎኗ ነበርኩ።
ዚፑን እስከ አገጬ ሳብኩት፤
ቤተ ክርስቲያናቸው ይበርዳል።